ክሩገር በር ላይ የሚሰለፈው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጆሃንስበርግ ከተማ ጄፒ በምንለው ሰፈር ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ የምሸጥ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ጠመኔውን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ካርታ ዘርግቶ የማየት አመሌ ግን አልለቀቀኝም። ሰሞኑን ስለ ደቡባዊ አፍሪካ ሳፋሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍም ያነበብኩት ካርታዬን አጠገቤ አድርጌ ነው። ጸሐፊው ሳፋሪ ሲሉ የሳሉልን፣ ባንድ ሌሊት የመምህር የዓመት ደመወዝ የሚበላ ሎጅ፣ ጣሪያ የሌለው መኪና፣ ካኪ የለበሰ ፈረንጅና ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚቀዳ ወይን ነው። ከዚያ ተነስተውም የእኛ ፓርኮች የሚድኑት ዶላር የሚረጭ እንግዳ ሲመጣላቸው ነው ብለው ደመደሙ።

እንዲህ ያለ ሳፋሪ የለም አልልም። አለ፤ ወደ እሱም እመለሳለሁ። የክሩገርን፣ የደቡብ አፍሪካውን ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ፣ በር በየማለዳው የሚያጨናንቀው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ጽሑፉም እሱን ጨርሶ አላየውም።

በሐምሌ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ማሌላን በሚባለው የፓርኩ በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። በዚህ ወቅት እዚህ ክረምት ነው፤ ክረምት ስላችሁ ግን ዝናብ የለም፣ ደረቅ ብርድ ነው። በሩ የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የመኪናው ሰልፍ ወደ ዋናው መንገድ ይሳባል። ፊት ለፊቴ አሮጌ ኮሮላ አለ፤ የኋላ መስኮቱ በልጆች ትንፋሽ ተሸፍኗል። ቀጥሎ ድንኳንና ከሰል የጫነች ባኪ፣ ማለትም ፒክአፕ። ከደርባን የመጡ የህንድ ዘር ያላቸው ቤተሰቦች ቴርሞስ ከፍተው ሻይ ይቀዳሉ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ሚኒባስ ሞልቶ እየዘመረ ነው። ባልና ሚስት የሆኑ ሽማግሌ ነጮች ሩቅ የሚያሳይ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ፓርኩ የአያታቸው ርስት የሆነ ይመስል ተዝናንተው ተቀምጠዋል። ባለ ክፍት መኪናው ቱሪስትም አለ፤ ከሰልፉ ግን ጥቂቱ እሱ ነው። ከክሩገር ጎብኚዎች አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ፓርኩ በብሔራዊ ፓርክነት የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የቱሪስት መኪኖች በ1927 ሲገቡ በዚያ ዓመት የገቡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገዱም ጎጆውም የነጮች ነበር፤ ጥቁር በአብዛኛው የሚገባው ሊሠራ ነው። ዛሬ የሶዌቶ ወጣት የራሱን ሙዚቃ ቀነስ አድርጎ በዚያው በር ሲገባ ሳይ ደስ ይለኛል። ዋጋውም ታስቦበት የወጣ ነው። ለዜጋና ለአገሩ ነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ለደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ አገሮች ዜጎች ከፍ ያለ ሌላ ዋጋ፣ ለቀረነው የዓለም ሕዝብ ደግሞ የአገሬው አራት እጥፍ ያህል። በዚያ ላይ በዓመት አንድ ሳምንት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር፣ ዜጋ የሆነ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ በነፃ ይገባል። ክሩገር የሚያስገባው ገንዘብም እዚያው አይቀርም፤ ሳንፓርክስ የሚባለው የብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ራሳቸውን የማይችሉ ሌሎች ፓርኮቹን ይደጉምበታል።

እኛስ? ከጆሃንስበርግ ማሌላን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤን 4 የሚባለውን መንገድ ይዞ፣ በየኬላው የመንገድ ክፍያ እየከፈሉ፣ ኔልስፕሩትን አልፎ መግባት ነው፤ አምስት ሰዓት ግፋ ቢል። እንዲያም ሆኖ እዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው ክሩገርን ያላዩ አበሾች ሞልተዋል። ይባስ ብሎ በቡሽበክሪጅና በሄዚቪው ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ከፓርኩ አጥር ብዙም በማይርቅ ቦታ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ የሰፈሬ ልጆች አሉ። ሌሊት አንበሳ ሲያገሳ ሰምተናል ይላሉ። አይተው ግን አያውቁም። እሑድ ሱቅ አይዘጋም፣ ፔፐር የምንለው የመኖሪያ ወረቀት የሚታደስበት ቀን አይታወቅም፣ የተገኘችው ራንድ ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። አልፈርድባቸውም። ስደተኛ ለሽርሽር ሲሄድ ራሱን የሚሰርቅ ይመስለዋል።

እኔን ያስወጣኝ የአማቴ መምጣት ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከሆሳዕና መጥተው ጄፒ ፎቅ ላይ መቀመጡ ሲሰለቻቸው፣ ባለቤቴ እማማን አንድ ቦታ ካልወሰድካቸው ብላ ነዘነዘችኝ። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ስለ ክሩገር ሰምተው ስለነበር የእናታቸውን ወገን ያዙ። እንጀራ ተጋገረ፣ ሥጋ ተከተፈ፣ ቆሎ ተቆላ። አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። በሩ ላይ ጥበቃው የመኪናውን የዕቃ መጫኛ ከፍቶ መጠጥና መሣሪያ መኖሩን ፈተሸ፤ የቀን ጎብኚ አልኮል ይዞ አይገባም። እንጀራውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየና ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አሳለፈን።

ከበሩ ወደ ስኩኩዛ ካምፕ፣ ከስኩኩዛ ደግሞ በሳቢ ወንዝ ዳር ወደ ሎወር ሳቢ ካምፕ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው። ፍጥነቱ አስፋልት ላይ 50፣ ጠጠር ላይ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ የማያከብር ሰው ጫካ ውስጥ ካሜራ የያዘ ትራፊክ ያገኘዋል። መጀመሪያ ያየነው ኢምፓላ ነው፤ በእኛ አገር የሌለች፣ ሚዳቋን የምታስታውስ ቀይ ፍጥረት። ልጆቹ ለመጀመሪያዎቹ ጮኹ፣ ለሚቀጥሉት ዝም አሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኢምፓላ ሲያዩ ማዛጋት ጀመሩ። በሺህ የሚቆጠር ነው። አጋዘን፣ ከርከሮ፣ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔ በየተራ መጡ። አማቴ የሜዳ አህያዋን አይተው ይህን የሚያህል ጤነኛ አህያ ማንም አለመጫኑ አናደዳቸው።

ከስኩኩዛ ካለፍን በኋላ መኪኖች ቆመው አገኘን። ከአስፋልቱ ሥር ለጎርፍ ማሳለፊያ የተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ አለ፤ ጅቦች እንዲህ ያለውን ቱቦ ለግልገል ማሳደጊያ ይወዱታል። በቱቦው አፍ ላይ አንዲት እናት ጅብ በጎኗ ተጋድማ ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች። አጠገቧ ግልገሎች ይላፋሉ። ግልገል ጅብ ሲወለድ ጥቁር ማለት ይቻላል፤ ነጠብጣቡ የሚወጣለት እያደገ ሲሄድ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። አንደኛው ከወንድሞቹ ተለይቶ መጥቶ የፊት ጎማችንን አሸተተ፤ አሽትቶም አልቀረ፣ በጥርሱ ሞከረው። ጎማው ላይ ሲያኝክ ድምፁ መኪናው ውስጥ ይሰማል። ጆሮዎቹ ገና ክብ ናቸው፣ አፍንጫው ላይ አቧራ አለ፣ በሩን ብከፍት እጄ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ፦ “ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብር የከፈልከው ለጅብ ነው?”

“እማማ፣ ለሁሉም ነው።”

“ጅብማ ቤቴ ብትመጣ በነፃ ነበር የማሳይህ።”

ከዚያ በመስኮቱ መስታወት በኩል ጅቧን ይቆጧት ጀመር፦ “አንቺ! ልጅሽን ከመንገድ አትሰበስቢም?” ከኋላችን የነበሩት ሽማግሌ ነጮች ምን እንዳሉ ባይገባቸውም ሳቁ። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ጅብን በድምፁና በዳናው ነው የማውቀው፤ የጎረቤት ፍየል ሲጎድል ስሙ ይነሳል፤ በልጅነቴ ያስለቀሰኝ ነው። ፊቱን በቀን ብርሃን፣ ሳይሸሽና ሳይሸሸኝ ያየሁት በባዕድ አገር መሆኑ ገረመኝ። ከመንገዱ ዳር ማንም አይወረውርበትም፣ ማንም አያባርረውም። አውሬው ሰውን መፍራት የተወው ለዚህ ነው።

አንበሳም አይተናል። ስለ አንበሳ ብዙ አልጽፍም። መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ፣ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ ቁጥቋጦ ሥር የተኛ ጀርባ ማየት ነው። አንበሳ ከ24 ሰዓት 20ውን ያህል የሚተኛ እንስሳ ነው፤ የቀረችውን አራት ሰዓት ለመግጠም ዕድል ይጠይቃል። ለአንበሳ ብለው የሚመጡ ሰዎች ሌላውን ሁሉ በችኮላ ስለሚያልፉት ያሳዝኑኛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የክሩገር ጌታ ዝሆን ነው።

ንኩሁሉ የሚባል ወንዙ ዳር ያለ የሽርሽር ቦታ ላይ ምሳ ለመብላት ወረድን፤ በፓርኩ ውስጥ ከመኪና መውረድ የሚፈቀደው እንዲህ ባሉ ምልክት ባለባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። እዚያ ስኮትል የሚሉት፣ ጋዝ ላይ የሚጣድ ሰፊ ብረት ይከራያል። ሥጋችንን ከነሽንኩርቱና ከነቃሪያው ጠበስንበት፤ ከዚህ የተሻለ የጥብስ መሣሪያ አላየሁም። ሽታው ጎረቤት ጠረጴዛ ደርሶ አንድ አፍሪካነር፣ የደች ዘር ያለው ነጭ፣ ሰውዬ ሹካውን ይዞ መጣ። ይህን ስንጨዋወት ጦጣዋ ከላይ ወርዳ አንድ ጥቅል እንጀራ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች። ገልጣ አየችው፣ ቆረሰች፣ ቀመሰች፣ መልሳ ወረወረችልን። “እርሾው በዝቶበታል ብዬ ነግሬሽ ነበር” አሉ አማቴ ለልጃቸው።

ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። መንገዱ ሲታጠፍ አንድ ኮርማ ዝሆን፣ ለብቻው፣ በአስፋልቱ መሐል ወደ እኛ ሲመጣ አገኘነው። ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ጠቆር ያለ ፈሳሽ ወርዶ ጉንጩን አርሶታል፤ የኋላ እግሮቹም በራሱ ሽንት ረጥበዋል። ይህ ወንዱ ዝሆን ለእንስት የሚነሳሳበት ጊዜ ምልክት ነው፤ መስት ይሉታል። በዚህ ጊዜ መንገድ የሚለቀው ባለመኪናው ነው፤ ጥሩንባ መንፋት፣ መብራት ማብራት፣ በጎን ሾልኮ ለማለፍ መሞከር የለም። ከኋላዬ የነበሩት እነዚያው ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ቀድመው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከእሳቸው ኋላ ያሉትም እንዲሁ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተጣደፈም። ሁላችንም ተሰልፈን በኋላ ማርሽ እንሳባለን፣ እሱ በእርጋታው ይከተለናል።

ያን የሚያህል አካል ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። የሚሰማው የሞተራችን ድምፅና አማቴ “ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ” የሚሉት ብቻ ነው። ቀርቦን ስለነበር የቆዳው ስንጥቅ ውስጥ የደረቀው ጭቃ፣ የግራ ጥርሱ ጫፍ መሰበሩ፣ የዓይን ሽፋሽፍቱ ርዝመት ይታየኝ ነበር። ሽታው በተዘጋው መስኮት ገባ። ከዚያ ቆመ፤ ጆሮውን ሁለቴ አራገበ፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ግራር መሳይ እሾሃማ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ገነጠለና እሾሁን ከምንም ሳይቆጥር እያኘከ ወደ ጫካው ገባ። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ጭራሽ አይታይም። ትንሹ ልጄ የት ሄደ እያለ ይፈልገዋል፤ ሄዶ ሳይሆን እዚያው ቆሞ ነው።

ይህ አካባቢ ጥበቃ ሲጀመርለት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ዝሆን ከአደን ተርፎ የተገኘው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ነው። እንዲያውም በዝቷል፣ ዛፉን ጨረሰው ብለው ይጨነቃሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ እየተኮሱ ይቀንሱት ነበር፤ ያንን ከተዉ በኋላ ምን እናድርግ የሚለው ክርክር እስካሁን አላባራም። ክርክራቸውን ስሰማ ቅናት ይይዘኛል፤ ዝሆን በዛብን ብሎ መከራከር ለእኛ ምን ያህል ሩቅ ነው!

አውራሪስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በየካምፑ ዛሬና ትናንት የት ምን እንደታየ ጎብኚዎች ባለቀለም ምልክት የሚለጥፉበት ሰሌዳ አለ። አንበሳ፣ ነብር፣ አቦሸማኔ፣ ተኩላ ሁሉም ቀለም ቀለም አላቸው። አውራሪስ ሰሌዳው ላይ የለም። አዳኞች እንዳያነቡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ በመላው ደቡብ አፍሪካ 1,215 አውራሪሶች ለቀንዳቸው ሲባል ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ እዚሁ ክሩገር ውስጥ። አሁን ጠባቂዎቹ ራሳቸው እያደነዘዙ ቀንዱን ይቆርጡለታል፤ ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር የተሠራ ስለሆነ ተመልሶ ያድጋል። እኛ ያየነው አንድ ሲሆን አፍንጫው ላይ ጉብታ ብቻ ነበረው። ልጄ ጉማሬ ነው ብሎ ተከራከረ። በኢትዮጵያ አውራሪስ ከጠፋ ስለቆየ አማቴም ፍርድ ሊሰጡ አልቻሉም።

ወደ ሎጁ ልመለስ። ከክሩገር በስተ ምዕራብ እንደ ሳቢ ሳንድና ቲምባቫቲ ያሉ የግል የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ። ጸሐፊያችሁ የገለጹት ሕይወት እዚያ ነው፤ መንገድ መሪው ሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጦ ዳና ያነብባል፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ነብሩ ያለበት ድረስ ይሄዳል። ሙያው ያስደንቃል፤ ያለው ቢያይ አይቆጨውም። ነገር ግን በሳቢ ሳንድና በክሩገር መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ተነስቷል። አንበሳው ጠዋት እዚያ በብዙ ሺህ ራንድ ታይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ተሻግሮ በኮሮላዋ ቤተሰብ ይታያል። ሁለቱም አሉ፣ አንዱ ሌላውን አላስቀረም። ባለሎጁን ብቻ አይቶ ክሩገርን አየሁ ማለት ግን መርካቶን ሳይረግጡ አዲስ አበባን አውቃለሁ እንደማለት ነው።

ስለ አጥር ካነሳሁ ስለ ማኩሌኬ ሕዝብ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በሰሜኑ ጫፍ፣ ሊምፖፖና ሉቩቩ ወንዞች በሚገናኙበት በፓፉሪ፣ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በአፓርታይድ መንግሥት ተገደው ተነሱ፤ መሬታቸው ፓርኩ ላይ ተጨመረ። አፓርታይድ ሲወድቅ ጥያቄያቸውን ይዘው ቀረቡና እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ 24 ሺህ ሄክታር የሚሆነው መሬት ተመለሰላቸው።  ለዱር እንስሳት ትተውት፣ ከፓርኩ ጋር በጋራ እያስተዳደሩ፣ ሎጅ የሚሠሩ ኩባንያዎችን አስገብተው ኪራይና ሥራ ማግኘትን መረጡ። ሁሉም ነገር ሰምሮላቸዋል ማለቴ አይደለም፤ በአጥሩ ዙሪያ ያለው ድህነት ዛሬም ዓይን የሚወጋ ነው። ባለቤትነቱ ግን በወረቀት የእነሱ ነው።

አሁን ወደ አገሬ። ባለፈው ለዕረፍት ስመጣ ልጆቼን ወደ አንድ ፓርካችን ወሰድኳቸው፤ ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ የሚከፍትልን ሰው ለማግኘት ስልክ ተደወለ። የምናየው ካርታ አልነበረም፤ መገንጠያ ላይ ምልክት አልነበረም፤ ልጄ ሽንት ቤት ስትጠይቅ ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ አፍሮ ወደ ቁጥቋጦው ጠቆመ። ማደሪያው ወይ ዋጋው በዶላር የሚነገር ሎጅ ነው፣ ወይ ድንኳንህን ይዘህ መምጣት ነው፤ መሐሉ የለም። ስካውቱ ግን! ያ ሰው እያንዳንዱን ወፍ በሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ አጋዘን ከየት በኩል ነፋስ ሲመጣ እንደሚሸሽ አስረዳን። እንዲህ ያለ ሰው በደቡብ አፍሪካ ቢሆን ሎጆች ይሻሙበት ነበር።

እንስሳቱም አሉን። ቀይ ቀበሮን፣ የደጋ አጋዘንን፣ ዋልያንና ጭላዳን በክሩገር ሃያ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድም አታገኙም። በሰንቀሌ መጠለያ ያሉት ቆርኬዎች ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሉም። አዋሽ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ክሩገር ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ቢሆንም ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን ይደረሳል፣ አውራ ጎዳናው በመሐሉ ያልፋል፣ ሳላው ከመስኮት ይታያል። አንድ የቦሌ ወይም የኮልፌ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ምሳውን ቋጥሮ ሊሄድበት የሚችል ፓርክ እሱ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ጊዜው የታወቀ በር። ንጹሕ ሽንት ቤት። ጥብስ የሚጠበስበት ጥላ። መገንጠያው ላይ ኪሎ ሜትሩ የተጻፈበት ድንጋይ፤ ክሩገር ውስጥ በየመገንጠያው የቆሙት እነዚያ ናቸው። መጠነኛ ዋጋ ያላቸው አሥር ጎጆዎች። ከዚህ ውስጥ ዶላር የሚረጭ እንግዳ የሚጠብቅ የትኛው ነው?

ጸጥታውስ፣ ግጦሹስ የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። አዋሽ ሲከለል የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ወደ ፓርኩ የሚገባው ለክፋት አይደለም። በነጭ ሣር ሰው ማስነሳቱ ያስከተለውን ውዝግብም አንረሳውም። ለዚህ ነው የማኩሌኬን ነገር ያነሳሁት። ከመሬቱ የተነሳ ሰው ከበሩ ገቢ የሚደርሰው ከሆነ፣ ልጁ ስካውት ሆኖ በወር በወሩ ደመወዙን የሚያገኝ ከሆነ፣ ፓርኩን የሚጠብቀው እሱ ነው። ደግሞም እንስሳውን አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ያላየ የከተማ ሰው፣ ፓርኩ ሲታረስ ለምን ይቆጨዋል? ልጆቹ ጎማቸውን ያኘከውን ግልገል ጅብ ያዩ ሰውማ ይቆጨዋል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። ሪፖርተር ስትልኩ በሎጅ ጋባዥነት ከሚሄድ ይልቅ በአንዱ የአገራችን ፓርክ በር ላይ አንድ ቅዳሜ እንዲውል አድርጉ። ማን መጣ፣ ማን ተመለሰ፣ የተመለሰው ለምን ተመለሰ ብሎ ይጻፍልን። ለኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ዋጋ ስንት እንደሆነና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም የሚመለከታቸውን ይጠይቅልን።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ ቋሚ መኖሪያ ካላችሁ መታወቂያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የነዋሪ ዋጋ ነው የምትከፍሉት። የቀን ጎብኚ በየበሩ የተወሰነ ቁጥር ስላለው ለዕረፍት ሰሞን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት አስይዙ። ለማደር ሎወር ሳቢን ከፈለጋችሁ ከወራት በፊት ነው፤ ከመመገቢያው በረንዳ ላይ ሆናችሁ ጉማሬዎቹን ታያላችሁ። አካባቢው ወባ አለበት፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፤ ሐኪም ሳታማክሩ ሕፃን ይዛችሁ አትሂዱ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሣሩ ይደርቃል፣ እንስሳው ወደ ውኃ ይወርዳል፣ ለማየት የተሻለው ጊዜ ያ ነው፤ ማለዳው ግን ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ። በሩ በክረምት ምሽት 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ያረፈደ ይቀጣል። እንጀራውንም መኪና ውስጥ ቆልፉበት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጆሃንስበርግ